የወጥ ቤቱ ሲንክ ለምን ደጋግሞ ይደፈናል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የወጥ ቤታችን ሲንክ ውኃ ቶሎ አያወርድም። የጠራነው ባለሙያ አሲድ ጨምሮበት ሲሄድ ለጥቂት ሳምንታት ይሻለውና ተመልሶ ይዘጋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ እኛ ምንም ሳንጠቀም ቅባት ያዘለ ውኃ ከታች እየገነፈለ ሲንኩን ይሞላዋል። ባለቤቴ ኮስቲክ ሶዳ ገዝቶ ሊሞክር አስቧል። ምን ትመክሩናላችሁ? (አንባቢያችን ከአያት አካባቢ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤትዎ ሶዳውን እንዲያቆዩት ይንገሯቸው። ከአሲዱ ጥቂት እንኳ በቱቦው ውስጥ ተኝቶ ከሆነ፣ ኮስቲክ ሶዳ ሲጨመርበት ሁለቱ በኃይል ተዋሕደው ከፍተኛ ሙቀት ይፈጥራሉ፤ ፈሳሹም ተፈናጥሮ ፊትና ዓይን ላይ ሊያርፍ ይችላል። «ሽታውን ያጠፋልኛል» ተብሎ በረኪና ቢጨመርም ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ ይህም መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የቧንቧ ሠራተኛም ምንም ነገር ከመፍታቱ በፊት አሲድ እንደተጨመረበት በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ወደ ምክንያቱ ስንመጣ፣ ከጻፉልን ውስጥ ዋናው ፍንጭ እናንተ ሳትጠቀሙ ውኃ መምጣቱ ነው። የተዘጋው የእርስዎ ሲንክ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያስቸግራችሁ ራሳችሁ የምትደፉት ውኃ ብቻ ነበር። ከላይ ያሉ ጎረቤቶች ዕቃ ሲያጥቡ እጣቢው በእርስዎ ሲንክ ብቅ የሚል ከሆነ ግን፣ ቱቦው የተዘጋው ከእርስዎ መጋጠሚያ በታች፣ የሁሉም ፎቆች የወጥ ቤት ፍሳሽ በሚወርድበት የጋራ ቱቦ ውስጥ ወይም ከዚያ አልፎ ማንሆሉ ዘንድ ነው። ውኃው መውረጃ ሲያጣ ከታች ጀምሮ እየሞላ ይመጣና ባገኘው ዝቅተኛ ቀዳዳ ይወጣል። ቦታውን ለመለየት አንድ ሰው ከላይኛው ፎቅ በባልዲ ውኃ ሲደፋ ሌላው ውጪ ያለውን ማንሆል ከፍቶ ይመልከት፤ ማንሆሉ ሞልቶ ከቆመ ችግሩ ከእርሱ ወዲያ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ግን የተደፈነው ከሕንፃው እስከ ማንሆሉ ባለው ቱቦ ውስጥ ነው። ይህ ሳይለይ በእርስዎ ሲንክ የሚጨመር ኬሚካል ገንዘብ ከማባከን አያልፍም፤ ቢበዛ በረጋው ቅባት መካከል ጠባብ መንገድ ይከፍታል፤ ያም መንገድ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይሞላል።

የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሕንፃውን የጋራ መጠቀሚያዎች ከግል ቤቶች ለይቶ አስተዳደራቸውን ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል። ስለዚህ የጋራውን ቱቦ የማስጠረጉ ወጪ በአንደኛ ፎቅ ነዋሪ ጫንቃ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። በተግባር ሽታው ያልደረሰበት አራተኛ ፎቅ ለማዋጣት ሲያመነታ መታየቱ የታወቀ ነው፤ የማንሆሉ ሙከራ ጥቅሙ እዚህም ላይ ነው፤ የማኅበሩ ኮሚቴ በዓይኑ እያየ ይደረግ። ሥራውም በኬሚካል ሳይሆን በረጅም የብረት ስፕሪንግ ወይም በከፍተኛ ግፊት ውኃ እንዲሆን ይጠይቁ።

የራስዎን ሲፎን፣ ማለትም ከሲንኩ ሥር ያለውን ውኃ የሚቆምበትን መታጠፊያ፣ መክፈት ግን ከቤተሰቡ አቅም በላይ አይደለም። አሲድ ስለነበረበት አስቀድመው ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ያውርዱበት፤ የጎማ ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጡ፤ ከዚያም የታችኛውን ክዳን በእጅ አዙረው ይፍቱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ግራጫ፣ እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ፣ ሲጫኑት በጣት መካከል የሚሾልክ ነገር ነው፤ በውስጡ ጥቁር የቡና አተላና የሩዝ ፍሬ ተጣብቆ ይታያል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከታጠበ በኋላ ጎሚኒው በቦታው መቀመጡን አረጋግጠው በእጅ ያጥብቁት፤ በፒንሳ ከተጠበቀ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ያ ግራጫ ነገር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ መከላከሉን ያቀልለዋል። የዶሮ ወጥ ድስት በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ቅቤው ቀልጦ ይወርዳል፤ ነገር ግን የአዲስ አበባ ብርድ ባቀዘቀዘው ቱቦ ውስጥ ጥቂት ሜትር እንኳ ሳይሄድ ይረጋል። የቡሐቃ እጣቢ ይዞት የሚመጣው ሊጥ በረጋው ቅባት ላይ ይለጠፋል፤ የጀበናው አተላም ከሁለቱ ጋር ተጋግሮ ይጠነክራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ቀናት ዕቃ በአንድ ጆግ ውኃ ስለሚታጠብ ይህን ሁሉ ገፍቶ የሚያሻግር ኃይል አይኖርም። በእኛ ግምት በከተማችን ለሚደፈኑ የወጥ ቤት ቱቦዎች ከዘይቱ ብዛት ያላነሰ ምክንያት ይህ የውኃ ማነስ ነው።

ስለዚህ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት ቅባቱ በሶፍት ወይም በቁራሽ እንጀራ ተጠርጎ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። ቡሐቃው በጥቂት ውኃ ይለቅለቅና የመጀመሪያው ወፍራም እጣቢ ወደ ሲንኩ አይደፋ። አተላው ለአበባ መትከያ አፈር ይሆናል፤ «ቱቦ ይጠርጋል» የሚባለው ስሕተት ነው። በሲንኩ አፍ ላይ ርካሽ ወንፊት ይቀመጥ። ውኃ በሚመጣበት ቀን ሲንኩን በክዳኑ ዘግቶ መሙላትና በአንድ ጊዜ መልቀቅ ቱቦውን በደንብ ያጥበዋል። የፈላ ውኃ ግን አይድፉበት፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን የፒቪሲ ቱቦ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲደጋገምበት ይለሰልሳል፤ መጋጠሚያውም ሊላቀቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ ውኃ ለቀናት ሲጠፋ መታጠቢያ ቤታችን ይሸታል፤ ነገር ግን የተዘጋ ነገር የለም። ለምን ይሆን? (አንባቢያችን ከአዳማ)

መልስ፦ በወለሉ ፍሳሽ ማስወገጃ ሥር የሚቆመው ውኃ የቱቦውን ጋዝ የሚያግደው ስለሆነ፣ በአዳማ ሙቀት ሲተን መንገዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይድፉበት፤ የልብስ እጣቢም ይበቃል። ለረጅም ጊዜ ከቤት የምትርቁ ከሆነ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ከላይ ቢንጠባጠብበት ውኃው ቶሎ አይተንም። ዘይት ወደ ፍሳሽ እንዲገባ የምንመክረው በዚህ አጋጣሚ ብቻ ነው።