ጥያቄ አለኝ፦ 80 ጊጋባይቱ ዲስክ የት ገባ?

ጥያቄ፦ በጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቴ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ፔንቲየም 3 ኮምፒውተር አለኝ። በፓወር ግእዝ የጻፍኳቸው የዓመታት ውሎችና ማመልከቻዎች እዚያ ላይ ስላሉ ልጥለው አልፈልግም። ቦታ ሲጠበኝ ባለ 80 ጊጋባይት ዲስክ ገዝቼ በሁለተኛነት ገጠምኩለት። ኤፍዲስክ (ዲስክ መከፋፈያው ፕሮግራም) ግን 10,783 ሜጋባይት ብቻ አሳየኝ። ሻጩ አታሎኝ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ አልተታለሉም፤ ዲስኩ ሙሉ ነው። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቢያዩ «ኤልቢኤ» ከሚለው አጠገብ 156301488 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። የሴክተሮቹ፣ ማለትም ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ ክፍሎች፣ ብዛት ነው። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሚይዝ ድምሩ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 76,319 ሜጋባይት ይመጣል። ከዊንዶውስ 98 ጋር የመጣው ኤፍዲስክ መጠን የሚያሰላው በ16 ቢት ቁጥር ስለሆነ 65,536 ሜጋባይት ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። ከ76,319 ላይ 65,536 ይቀንሱ፤ ያዩት 10,783 ይቀርዎታል። ይህ ደግሞ አንድ መልካም ነገር ይነግረናል፤ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ዲስኮቹን የሚለየው ፕሮግራም) ዲስኩን በሙሉ አውቆታል ማለት ነው። ከ32 ጊጋባይት በላይ የማያውቅ ባዮስ ቢሆን ኖሮ ይህን ቁጥር አያዩም ነበር።

ስለዚህ በዚያ ኤፍዲስክ አይከፋፍሉት። ማይክሮሶፍት ያረመውን ኤፍዲስክ ካላገኙ፣ ዲስኩን ነቅለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይግጠሙት። «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ ገብተው መጀመሪያ መላውን ዲስክ ኤክስቴንድድ ፓርቲሽን (ሌሎች ክፍሎችን በውስጡ የሚይዝ ክፍል) ያድርጉት፤ ከዚያ በውስጡ 19,000 ሜጋባይት ገደማ የሆኑ 4 ሎጂካል ድራይቮች ያውጡ። ፕራይመሪ (ዋና) ፓርቲሽን እንዳይፈጥሩ አደራ። ዊንዶውስ 98 የድራይቭ ፊደል የሚያድለው አስቀድሞ ለየዲስኩ ፕራይመሪ ነው፤ አዲሱ ዲስክ ፕራይመሪ ካለው «ዲ»ን ይወስድና በአሮጌው ዲስክ ላይ «ዲ» የነበረው ወደ «ኢ» ይገፋል። ያኔ አቋራጮችዎ ሁሉ ፋይል አጣን ይላሉ።

ፎርማት ሲያደርጉ ኤክስፒ አስቀድሞ የሚያቀርብልዎት ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን የፋይል አደራደር ነው። ፋት32ን ይምረጡ፤ ኤንቲኤፍኤስን ዊንዶውስ 98 አያነበውም። ኤክስፒ ራሱ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋት32 አይፈጥርም፤ 4 ቦታ የከፈልነው ለዚህም ጭምር ነው። ዲስኩን ሲመልሱ ጃምፐሩ (ከኋላው ያለችው ትንሽ መሰኪያ) «ስሌቭ» (ሁለተኛ ዲስክ) ላይ መሆኑን ይዩ።

አሮጌው ዲስክዎ በፋት16 (ከፋት32 በፊት በነበረው የፋይል አደራደር) የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ቦታ የጠበበዎት በከንቱ ሊሆን ይችላል። ፋት16 የሚቆጥረው 65,500 ገደማ ክላስተር (ለፋይል የሚሰጥ ትንሹ ቦታ) ብቻ ስለሆነ፣ 2 ጊጋባይት ለመድረስ እያንዳንዱን ክላስተር 32 ኪሎባይት ያደርገዋል። 3 ኪሎባይት የሆነች ማመልከቻ 32 ትይዛለች፤ 5,000 ማመልከቻ 15 ሜጋባይት መሆን ሲገባው 156 ሜጋባይት ይበላል። አዲሶቹ ድራይቮች ላይ ክላስተሩ 16 ኪሎባይት ስለሆነ ብክነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ፋይሎቹን ሲገለብጡ ዩፒኤስ ይኑርዎት፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ስካንዲስክን (የዲስክ ስህተት መርማሪውን) ሳያስኬዱ አይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ ኤክስፒ ላይ ባለ 160 ጊጋባይት ዲስክ 127 ብቻ ይላል። ምን ላድርግ? (ከወልድያ)

መልስ፦ ኤክስፒዎ ሰርቪስ ፓክ 1 (የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጥቅል) እንኳ የሌለው የመጀመሪያው ነው። የሴክተር ቁጥሩ 28 ቢት ስለሆነ 137 ቢሊዮን ባይት ገደማ (ኮምፒውተሩ 127 ጊጋባይት የሚለው) ላይ ይቆማል። ሰርቪስ ፓኩን ይጫኑ፤ ባዮሱም ዲስኩን በሙሉ ማወቅ አለበት። ከዚያ የቀረውን ቦታ እንደ አዲስ ፓርቲሽን ያውጡት፤ ያለው ፋይል አይነካም። ዊንዶውስ 98 ላይ ግን ከዚህ ወሰን የሚያልፍ ዲስክ አይግጠሙ፤ ወሰኑን ያለፈው ጽሑፍ ዞሮ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያለውን ፋይል ሊደመስስ ይችላል።

ጥያቄ፦ የ3 ቴራባይት ዲስክ ኤክስፒ ላይ 746 ጊጋባይት ሆነብኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ያው ዓይነት ችግር ነው፤ እዚህ የሴክተር ቁጥሩ 32 ቢት ስለሆነ 2,048 ጊጋባይት ላይ ዞሯል። በኤክስፒ አይጻፉበት። ለዚያ ኮምፒውተር ባለ 2 ቴራባይት ይግዙ፤ 1,863 ጊጋባይት ሆኖ በሙሉ ይታያል።