ለሕፃናት ካንሰር ምርምር ብስክሌት ልትነዱ ነው? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ለሕፃናት ካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለሚደረግ የብስክሌት ጉዞ። በዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው መጠየቁ በጣም ደስ ብሎኛል። እስቲ እንጀምር።

«የመሥሪያ ቤታችን ልጆች እሁድ ጠዋት ከመስቀል አደባባይ ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ፣ ከዚያም በአራት ኪሎ እንመለሳለን ብለው መዝግበውኛል። ብስክሌት የነዳሁት በልጅነቴ ነው። እችለዋለሁ?» (ከለገሃር)

ትችያለሽ፤ ግን ልምምዱን ዛሬውኑ ጀምሪ። ርቀቱ አያስፈራም። የሚፈትንሽ ቸርችል ነው። ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ያለው ዳገት በታክሲ ሲያልፉት አይታወቅም፤ ፔዳል ሲረግጡ ግን ሌላ ነው። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር አቅልዪው። መሃል ላይ እየታገልሽ ከቀየርሽው ሰንሰለቱ ይንገጫገጫል፣ ሊወልቅም ይችላል። ከደከመሽ ወርደሽ ግፊው፤ ማንም አይታዘብሽም።

ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያልሽ ያዥ። የፊቱን ብቻ ድንገት ከጨበጥሽ ብስክሌቱ በጭንቅላትሽ ሊጥልሽ ይችላል። የምትከራዪ ከሆነ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ፍሬኑን ጨብጠሽ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፊው። ጎማው ከዞረ ሌላ አምጡልኝ በዪ። ሄልሜት ሳታደርጊ ደግሞ እንዳትወጪ። ለልምምድ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መንገዶች ማለዳ ላይ ይመቻሉ።

«ገንዘቡ ለምን ለምርምር ይሆናል? መድኃኒት ያጡ ልጆች እያሉ?» (ከስድስት ኪሎ)

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ጥያቄ ነው።

እስከ 1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ሉኪሚያ፣ ማለትም የደም ካንሰር፣ የያዘው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሞት ነበር። ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም አሚኖፕተሪን የተባለውን መድኃኒት ሞክሮ አንዳንድ ሕፃናት ለጊዜውም ቢሆን እንደተሻላቸው በ1948 አሳተመ። ከዚያ በኋላ መድኃኒቶችን እያቀናጁ፣ መጠናቸውን እያስተካከሉ እዚህ ተደረሰ። ዛሬ በሀብታም አገሮች ካንሰር ከያዛቸው ሕፃናት ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ። ይህን ያመጣው ምርምር ነው።

በድሃና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በሽታው ያው ነው፤ አብዛኞቹ መድኃኒቶችም ከታወቁ ቆይተዋል። የሚለየው ልጁ ዘግይቶ መምጣቱ፣ በሽታው በሌላ በሽታ መሳቱ፣ መድኃኒት መጥፋቱ፣ ሕክምናው መቋረጡ ነው። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የሉኪሚያ ዓይነት ሕክምና ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከገጠር ልጇን ይዛ ጥቁር አንበሳ የመጣች እናት ያን ሁሉ ጊዜ የት ታድራለች? ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያያል?

ስንት ልጆች ሕክምና እንዳቋረጡ፣ በስንተኛው ወር፣ ለምን እንደቀሩ መዝግቦ ማጥናትም ምርምር ነው። ማደሪያና የትራንስፖርት ገንዘብ ቢሰጥ ስንቱ ይመለሳል ብሎ መፈተሽም እንደዚያው። ይህ ሥራ ሰነድ የሚይዝ ሰው፣ ስልክ የሚደውል ሰው፣ ደመወዝ ይፈልጋል። ስለዚህ መድኃኒትን ከምርምር አላፎካክርም። አዘጋጆቹን ግን ጠይቅ፦ ምርምሩ የት ነው የሚካሄደው? ማን ያካሂደዋል? ውጤቱን መቼ እናያለን? አውስትራሊያ ውስጥ ግሬት ሳይክል ቻሌንጅ በተባለው ጉዞ ነጂው የኪሎ ሜትር ዕቅዱን ራሱ አውጥቶ ገንዘብ ያሰባስባል። ገንዘቡ ሲድኒ ላለው የሕፃናት ሕክምና ምርምር ተቋም እንደሚሄድም ከመጀመሪያው ያውቃል። እኛም ይህን ያህል ግልጽነት ይገባናል።

«ሰው ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ምን ብዬ ልጀምር?» (ከፒያሳ)

በኪሎ ሜትር ጠይቂ። «15 ኪሎ ሜትር ልነዳ ነው፣ ለእያንዳንዱ 20 ብር ትችላለህ?» ብትዪው ሰውየው 300 ብር መሆኑን ያውቃል፣ አንቺም አትሽኮረመሚም። ካልቻለ በአምስት ብር ይግባ። ገንዘቡ ግን በግል ቴሌብርሽ እንዳይገባ። በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ሒሳብ ይሰጥሽና ሰዎች በቀጥታ ይላኩ። ከጉዞው በኋላ ስንት እንደተሰበሰበና የት እንደገባ ለሰጡሽ ሁሉ ንገሪ። ይህን ካደረግሽ የሚቀጥለው ዓመት ልመና ይቀልሻል።

«ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ኬሞ ላይ ናት። ፎቶዋን ቲሸርት ላይ እናትመው፣ እሷም መነሻው ላይ ትገኝ ብለውኛል።» (አባት፣ ከሜክሲኮ)

እግዚአብሔር ይማርልዎ። መጀመሪያ ራሷን ይጠይቋት፤ ዝም ካለች እምቢ ማለቷ ነው። ያ ፎቶ አንዴ ከተሰራጨ አይሰበሰብም፤ ልጅዎ ደግሞ አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ የምትይዝ ሰው ናት። ቲሸርቱ ላይ የሕፃናት ካንሰር ምልክት የሆነው ወርቃማ ሪባን ይበቃል። ስለ መገኘቷ ሐኪሟን ያማክሩ። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር የመድኃኒት ሕክምና፣ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች ስለሚቀንስ የሰው ግርግር ለኢንፌክሽን ያጋልጣታል። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ደግሞ ነገ እናያለን ሳይሉ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዷት።

«በራሪ ወረቀት ልናድል ነው። ምን ይጻፍበት?» (ከአምባሳደር)

ምልክቶቹ፣ በአጭሩ። የማይለቅ ትኩሳት፣ የቆዳ መንጣትና ያለ ምክንያት መበለዝ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት (ሆድ ላይም ሊሆን ይችላል)፣ የማይተው የአጥንት ሕመም፣ ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር፣ ፎቶ ሲነሱ የዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ መታየት። እነዚህ ሁልጊዜ ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም፤ ግን መታየት አለባቸው። ካንሰር እንደማይተላለፍም ጻፉ። በዚህ ፍርሃት ጎረቤት የሚሸሻቸው ልጆች አሉ።

«ጾም ላይ ነኝ። ሳልበላ ብነዳስ?» (ከአራት ኪሎ)

ውሃም ካልጠጣህ አጭሩን መንገድ ምረጥ፣ ማታ በደንብ ብላ። ካዞረህ ወዲያው ቁም።

«ጉልበቴን ስለሚያመኝ መንዳት አልችልም። ሌላ ምን ላድርግ?» (ከሜክሲኮ)

ጤናሽ ከፈቀደ ደም ለግሺ። ኬሞ የሚወስዱ ልጆች ደምና ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል፣ ደጋግሞ ያስፈልጋቸዋል። ፕላትሌት ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው አምስት ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ሁላችሁም በአንድ ቀን አትሂዱ። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ሰው እየሆናችሁ ተከፋፈሉት።