ለልጄ ክትባት ልፈርም ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከሐይቅ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ክትባት የሚል ወረቀት ይዛ መጣች። ነገ ተፈርሞ ይምጣ ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ «ግዴታ ነው» አሉኝ። ጎረቤት ደግሞ መካን ያደርጋል ይላል። አንዷማ «ጸበል እያለልሽ!» ብላ ተቆጣችኝ። ማስከተብ ኃጢአት ነው? መጠየቄስ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እኅቴ። መጠየቅሽ ጥፋት አይደለም።

ጌታ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ 38 ዓመት የታመመውን ሰው ሲያገኘው «ልትድን ትወዳለህን?» አለው (ዮሐ. 5፥6)። ሰውየው አልጋው ላይ ነው፣ መዳን እንደሚፈልግ ለማንም ግልጽ ነው፣ ሁሉን የሚያውቀው አምላክ ግን ጠየቀው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር እዚያው እቆማለሁ። ፈጣሪ ጠይቆ ያዳነውን ሰው፣ እኛ ወረቀት በትነን «ነገ አምጪ» ልንለው አይገባም።

ሕፃን ስናጠምቅ እንኳ ክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስለ እሱ ሆነው «እክህደከ ሰይጣን» (ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ) ይላሉ። አንቺም የምትፈርሚው ስለ ልጅሽ ሆነሽ ነው። ያልገባሽን ነገር እንዴት ብለሽ ስለ እሷ ትፈርሚያለሽ?

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ጊዜ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል።

እናቴ ክንድ ላይ የሳንቲም ያህል ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለ። ልጅ ሆኜ በጣቴ እየነካካሁ «ምንድን ነው?» ስላት «የፈንጣጣ ክትባት» ትለኝ ነበር። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በ1968 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ደሴ ገበያ ብትዞሪ ፊቱን ፈንጣጣ የበሳሳው ልጅ አታገኚም።

መካን ያደርጋል የሚባለው እውነት አይደለም። ካንሰሩን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባል ቫይረስ ነው፣ የሚተላለፈውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። በልጅነት የሚሰጠው ከቫይረሱ ለመቅደም ነው። ይህን ሲሰሙ «ልጄን ምን ጠርጥራችኋት ነው?» ብለው የሚቆጡ እናቶች አሉ። ማንም አልጠረጠራትም። በድንግልና ኖራ በተክሊል ያገባች ልጅም ባሏ ይዞት ከመጣ ትያዛለች። ማኅፀን የሚያሳጣውስ ካንሰሩ ነው፤ ሲብስ ማኅፀኑ ተቆርጦ እስከ መውጣት ይደርሳል።

ወደ «ግዴታ» እንምጣ። እዚህ ላይ ሁሉንም ክትባት በአንድ ዓይን አላይም። ኩፍኝ በትንፋሽ ይተላለፋል። መስከረም 21 ግሸን ስንወጣ እንዴት እንደምንጋፋ ታውቂያለሽ፤ አንድ ኩፍኝ የያዘው ልጅ ያልተከተቡ ሰዎች መሃል ቢገባ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የማጅራት ገትር ክትባት ሳይወስዱ ሐጅ መሄድ አይችሉም፣ ምክንያቱም ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ ቦታ ነው የሚሰበሰበው። እንዲህ ባለው ላይ «ገላዬ ነው፣ አልፈልግም» ማለት ብቻውን አይበቃኝም፤ አራስ ያለችበት ጎረቤትም አለ። ኦሪት ለምጻሙን ከሰፈር ውጭ ያቆየችው ስለ ሌላው ብላ ነው። እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ ማስረዳት ይቀድማል።

የማኅፀን በር ካንሰር ቫይረስ ግን ክፍል ውስጥ በሳል አይጋባም። ስለዚህ እኔ እስከሚገባኝ እዚህ ላይ ማስገደድ ቦታ የለውም። የጀርመን ናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ በግድ የሠሩትን ምርምር ያየው የኑረምበርግ ችሎት በ1947 እ.ኤ.አ. ሰው በፈቃዱ ካልሆነ አይመራመሩበትም ብሎ ጻፈ። ያንቺ ልጅ ክትባት ምርምር አይደለም፣ በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ የቆየ ነው። ቢሆንም ስለ ገላው ሰውን መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ዓለም የተማረው በብዙ ደም ነው። «ግዴታ ነው» ያሉሽ ሰዎች ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ግን እንዲህ ያለ አነጋገር ነው ወሬውን የሚያቀጣጥለው።

ነገ ልጅሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ ከተወጋች በኋላ ምን እንደሚሰማት ጠይቂ። ክንድ ማመምና ትንሽ ትኩሳት ያጋጥማል። አለርጂ ካለባት ቀድመሽ ተናገሪ። ለምን እንደምትወጋም ከአንቺ አፍ ትስማ፣ 12 ዓመት ትንሽ አይደለም። ከገባሽ ፈርሚ፣ አትዘግዪ። እኔ የራሴን ልጅ አስከትቤያለሁ፤ ያን ቀን ማታ ክንዴን አመመኝ ብላ እንጀራውን በግራ እጇ ልትቆርስ ስትል እናቷ አጎረሰቻት፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄደች።