ስንተኛ ቀኑ ነው?

ለወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፤

በሕፃናት ክፍል ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አፍንጫው በንፍጥ የተደፈነ፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚልና ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብቶ ትንፋሽ እያጠረው ጡት የሚለቅ የአራት ወር ሕፃን በእናቱ ታቅፎ ወደ እናንተ መምጣቱ አይቀርም። በሽታው ብሮንኪዮላይተስ፣ ማለትም የሳንባ ትንንሽ የአየር ቧንቧዎች ብግነት፣ እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አትቸገሩም። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን እናቲቱ ገና ሳትቀመጥ ስለምጠይቃት አንዲት ጥያቄ ነው፤ ሕመሙ ከጀመረው ስንተኛ ቀኑ ነው?

ይህችን ጥያቄ የተማርኳት ከስሕተቴ ነው። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንዲት እናት ሁለት ቀን ያሳለ ልጇን አመጣችልኝ። ትንፋሹ እምብዛም አልፈጠነም፣ ጡትም ይጠባ ነበር፤ ስለዚህ «ቀላል ጉንፋን ነው፣ አይዞሽ» ብዬ ወደ ቤቷ መለስኳት። ያልኳት ሐሰት አልነበረም። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ሊብስበት እንደሚችል ግን አልነገርኳትም፤ እሷም ሐኪሙ ቀላል ነው ብሏል እያለች ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ሌሊት ስትመለስ፣ በልጁ ጎድን አጥንቶች መካከል ያለው ሥጋ በየትንፋሹ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበረውም። ኦክስጅን ተደርጎለት፣ በአፍንጫው በኩል ወደ ጨጓራው በገባ ቱቦ ወተት እየተሰጠው ዳነ። እናቲቱ አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

በሽታው የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው አርኤስቪ የሚባለው ቫይረስ ሲሆን፣ የሚያጠቃውም ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን፣ ይልቁንም ገና አንድ ዓመት ያልሞላቸውን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ከአፍንጫ ፈሳሽ፣ ከሳልና ከመጠነኛ ትኩሳት አያልፍም። ከዚያ ወደ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ይወርድና ግድግዳቸውን ያሳብጣል፤ የሞቱ ሕዋሳትና ንፍጥ ተደባልቀው ቧንቧውን ይደፍኑታል። የአንድ ቧንቧ የውስጥ ወርድ (ዲያሜትር) በግማሽ ሲጠብ፣ አየሩ በእርጋታ የሚፈስ ቢሆን እንኳ፣ የሚገጥመው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል። ለአዋቂ ጉንፋን ብቻ የሆነው ቫይረስ ሕፃኑን እንዲህ የሚያስጨንቀው ከመነሻው ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ነው። ሕመሙ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ሳሉ ግን እስከ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

ይህን የቀን አቆጣጠር ያላወቀ ሐኪም በመድኃኒት ይታለላል። ሕፃኑ የሚመጣው በባሰበት በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ነው፤ የአየር ቧንቧ የሚያሰፋው ሳልቡታሞል ወይም ብግነት የሚቀንሰው ስቴሮይድ ይሰጠዋል፤ በስድስተኛው ቀን ሲሻለው ምስጋናውን መድኃኒቱ ይወስዳል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አመስግኜዋለሁ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ለብሮንኪዮላይተስ ሁለቱም እንዳይሰጡ፣ አንቲባዮቲክም ተጓዳኝ የባክቴሪያ ሕመም ከሌለ እንዳይታዘዝ መክሯል። (ደረቱ ደጋግሞ ሲር ሲር የሚል ትልቅ ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እዚያ አስምን ማሰብ ይገባል።) ባዶ እጅን ቆሞ መጠበቅ ለወጣት ሐኪም ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ወላጆችም የታዘዘ ነገር ሳይዙ መሄድ አይወዱም። ይሁን እንጂ የሚሠራ ነገር ሞልቷል።

በቅድሚያ ልብሱን ገልጣችሁ፣ ልጁ ሳያለቅስ፣ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። የሕፃን አተነፋፈስ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለሚል ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን አተነፋፈስ የሚለው ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እየቆጠራችሁ የአፍንጫውን ቀዳዳ መርገብገብና የደረቱን መሰርጎድ ተመልከቱ፣ በየትንፋሹ መጨረሻ የሚያቃስት ከሆነም አድምጡ። ቀጥሎ እያያችሁት ይጥባ። የጨው ውሃ ጠብታ በአፍንጫው አድርጋችሁ ንፍጡን ካጸዳችሁ በኋላ መጥባት ከቻለ፣ በጥቂት በጥቂቱ ቶሎ ቶሎ እንዲጠባ ማድረግ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። በጣት መለኪያ የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ያስፈልገዋል።

ሁለት ነገር ግን የቀን ቆጠራውን ያፈርሳል። አንደኛው ዕድሜ ነው፤ ከ2 ወር በታች የሆነ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ሳሉ ገና ሳይጠና፣ ለአፍታ ትንፋሹ ሊቋረጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ቀኑ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። የልብ ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለበትም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ዝምታ ነው፤ ሲታገል ቆይቶ ድንገት ትንፋሹ የቀነሰና ጸጥ ያለ ልጅ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ተሻለው ከማለታችሁ በፊት ቀስቅሱት።

በእኔ ወጣትነት ያልነበረ መከላከያ ዛሬ አለ፤ ነፍሰ ጡር እናት የምትከተበው ክትባትና ለሕፃኑ የሚወጋው ኒርሴቪማብ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል። በሚገኝበት ቦታ ሁሉ ለወላጆች ንገሩ፤ የሲጋራ ጭስ ከሕፃኑ እንዲርቅም እንዲሁ። የራሳችሁን እጅና ማዳመጫ ደግሞ በየሕፃኑ መካከል አጽዱ፣ ቫይረሱ በጠጣር ነገር ላይ ለሰዓታት ይቆያልና።

ወደ ቤቱ የምትመልሱትን ሕፃን ካርድ ስትሞሉ ሳሉ የጀመረበትን ቀን ከላይ ጻፉ። ከዚያም ለእናቲቱ እንዲህ በሏት፦ «ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ነገና ከነገ ወዲያ ሊብስበት ይችላል። ከወትሮው ግማሹን ያህል እንኳ ካልጠባ፣ ግማሽ ቀን ሽንት ካልሸና፣ ደረቱ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ቆም ካለ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ነይ።» የነገራችኋትን መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቋት፤ ያን ጊዜ እኔ ያልነገርኩት ቀን በእሷ አንደበት ሲነገር ትሰማላችሁ።