«ማን ነገረህ?»

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ 4294967297 ፕራይም እንዳልሆነ ስልኬ በሰከንድ ይነግረኛል፣ ታዲያ እኔ ምን አለፋኝ?» ብሎ ጻፈልኝ። ፕራይም ማለት ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። ጥያቄው አልከፋኝም፣ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ተማሪ እያለን አስተማሪያችን ይሄንኑ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፎ «ፕራይም ነው አይደለም?» አለን። ቁጥሩ 2 ፓወር 32 ሲደመር 1 ነው። ፌርማ የሚባል ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ ከሱ በፊት ያሉትን 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537ን (2 ፓወር 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16፣ እያንዳንዱ ሲደመር 1፣ የፌርማ ቁጥሮች የሚባሉት) አይቶ ሁሉም እንዲህ ፕራይም እየሆኑ ይቀጥላሉ ብሎ ያምን ነበር። ኦይለር የሚባል ሌላ የሒሳብ ሊቅ ነው ይሄን እምነት በ1732 እ.ኤ.አ. ያፈረሰው። እኛ ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እያካፈልን ስንዳክር አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እጁን አወጣና «ለ641 ይካፈላል» አለ። አስተማሪው እንዴት አገኘኸው አላለውም፣ «ማን ነገረህ?» ነው ያለው። ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲነሳ «ተቀመጥ» ተባለ፣ ተቀመጠ፣ ከዛ በኋላ ክፍል ውስጥ አፉን ሲከፍት አላየሁትም፣ ትንሽ ቆይቶም ሒሳብን ተወው።

ደብተሩን እኔ አይቼዋለሁ። 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ብሎ ደርድሮ ነበር፣ ሌላ ምንም የለም። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዚህ ቁጥር አካፋይ የግድ የ128 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፣ ስለዚህ 3፣ 7፣ 11 መሞከር ከንቱ ልፋት ነበር። ከአምስቱ ደግሞ 129 እና 513 ለ3፣ 385 ለ5 ስለሚካፈሉ ይወድቃሉ (3 እና 5 ራሳቸው ደንቡን አያሟሉም)፣ 257 ራሱ የፌርማ ቁጥር ነው፣ ሁለት የፌርማ ቁጥሮች ደግሞ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። የቀረው 641 ብቻ። አንድ ጊዜ ማካፈል በቃው! ያኔ ዞር ብዬ «አስረዳኝ» ብለው ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

እስቲ በእጃችሁ አካፍሉት። 4294 ውስጥ 641 ስድስቴ ገብቶ 448 ይተርፋል፣ 9 ሲወርድ 4489 ይሆንና ሰባቴ ገብቶ 2 ይተርፋል፣ እንዲህ እያላችሁ ስትወርዱ መጨረሻ ላይ ያው 448 ተመልሶ ይመጣል፣ አሁን ግን የሚወርደው 7 ስለሆነ 4487 ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ልክ 641 ሲባዛ በ7 ነው። ቀሪ የለም፣ ድርሻው 6700417።

የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፣ ከኛ ትበልጣላችሁ፣ ግን መልስ ስታገኙ ቶሎ ትነሳላችሁ። ስልክ አትንኩ አላልኩም፣ እኔም ትልልቅ ቁጥር ሲመጣ በኮምፒውተር ነው የምሠራው። ቢሆንም ይሄኛውን ያለ ስልክ ሥሩት።

ቀጣዩ የፌርማ ቁጥር 2 ፓወር 64 ሲደመር 1 ነው። ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ1880 እ.ኤ.አ. ለ274177 እንደሚካፈል ያሳየው በ82 ዓመቱ ነው፣ ያውም ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን። እዚህ ላይ 128 እጥፍ ሆኖ 256 ይሆናል። ከ274177 ላይ 1 ቀንሱና ለ256 አካፍሉት፣ ያው ደንብ እዛም ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።