ማርልቦሮ ወይስ ፋቨርሻም?

እህቴ፣ ከለንደን ወጥታችሁ ከሁለቱ የእንግሊዝ ትናንሽ ከተሞች፣ ማርልቦሮ ወይስ በኬንት አውራጃ ያለችው ፋቨርሻም ብትኖሩ እንደሚሻል ጠይቀሻል። ባልሽ በሳምንት ሦስት ቀን ለንደን ቢሮ የሚገባ ከሆነ፣ እኔ ያለ ጥርጥር ፋቨርሻም እላለሁ።

ማርልቦሮ በጣም ውብ ናት። ረቡዕና ቅዳሜ በዚያ ሰፊ ዋና መንገዷ ላይ ገበያው ሲቆም ደስ ይላል። ግን ባቡር ጣቢያ የላትም! በየጠዋቱ በመኪና ፒውዚ፣ ቤድዊን ወይም ስዊንደን ድረስ መሄድ ግድ ነው። በብርዱ ወራት፣ በጨለማ፣ በጠባብ የገጠር መንገድ አስቢው። ሁለተኛ መኪናም ያስገዛችኋል።

ከፋቨርሻም ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ከምናምን ደቂቃ ውስጥ ለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ያደርሳል። ገበያም አላት።

የልጆቹን ነገር ግን አሁኑኑ አስቢበት። ኬንት ውስጥ ግራመር የሚባሉት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆችን በፈተና ነው የሚቀበሉት። ፈተናው ልጆች ስድስተኛ የትምህርት ዓመታቸውን (Year 6) እንደጀመሩ በሴፕቴምበር ይሰጣል፤ ምዝገባው ቀደም ብሎ ይዘጋል። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ብለሻል፣ ስለዚህ ጊዜው ደርሷል።

ፋቨርሻም ውስጥ ውኃ ዳር ያለ ቤት ከወደድሽ፣ የጎርፍ ስጋቱን በፖስት ኮዱ ከመንግሥት ድረ ገጽ አጣሪ። ደግሞ እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ለስድስት ወር ተከራይታችሁ እዩት።