ምድጃው መጨረሻ ይመረጣል

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምንኖረው፤ ቤተሰቡ ስድስት ነው። ባለ ሁለት ፕሌቱ የኤሌክትሪክ ምድጃችን ተቃጠለ። ኩሽናውን እያደስን ስለሆነ አንዴ ደህና ነገር ልግዛ ብዬ አስቤያለሁ። አንዱ ጋዝ ይሻላል ይለኛል፣ ሌላው ባለ መስታወቱን፣ ሌላው ደግሞ ኢንዳክሽን። ድስቶቼ አብዛኞቹ አሉሚኒየም ናቸው። ማታ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ይደበዝዛል። ኩሽናው ጣሪያ ላይ ፋን አለ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይወደድ አንቺ እያልኩ ልመልስ። የሚወስኑልሽን ሦስት ነገሮች ራስሽ ጽፈሻቸዋል፤ የደበዘዘው አምፖል፣ የአሉሚኒየም ድስትና ፋኑ። ሱቅ ገብቶ ከምድጃ መጀመር የተገላቢጦሽ ነው።

ከአምፖሉ እንነሳ። መልቲሜትር ያለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያበስልበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኩሽና ሶኬት ላይ ቮልቱን ይለካ። አንዴ ምጣዱ ሳይሰካ፣ አንዴ ተሰክቶ። ከዚያ ቆጣሪው ጋ ሄዶ ሁለቱንም ይድገም። ምጣዱ ሳይሰካም ቮልቱ ዝቅ ያለ ከሆነ ችግሩ ከሰፈሩ መስመር ነው፤ አንቺ የምታስተካክይው አይደለም። ምጣዱ ሲሰካ ሶኬቱ ላይ ከ10 ቮልት በላይ ወርዶ ቆጣሪው ጋ ብዙም ካልወረደ ግን ጥፋቱ ቤት ውስጥ ነው፤ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ የሆነ ቦታ የላላ ማሰሪያ አለ። ጤነኛ የ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 15 ሜትር ርቀት ላይ 16 አምፒር ቢጫነው የሚያወርደው ከ3 እስከ 4 ቮልት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ማሰሪያዎቹን አስከፍተሽ አሳይ፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ፕላስቲክ ይገኛል። የድሮው ምድጃሽም በዚሁ ምክንያት ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይታይ አዲስ ምድጃ ቢሰካበት ያው ነው።

ቁጥሩን እንዲህ አንብቢው። በማታው ሰዓት ከ200 ቮልት በላይ ከሆነ የትኛውም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራልሻል። ከ180 እስከ 200 ከሆነ ኢንዳክሽን ይሠራል፣ ግን አንዳንዱ ዓይነት እየጮኸ ይጠፋል። ተራው ፕሌት ደግሞ አይጠፋም፤ ይለግማል። የፕሌት ጉልበት የሚቀንሰው ከቮልቱ እኩል ሳይሆን በካሬ ነው፤ በ220 ቮልት 2000 ዋት የተባለው በ200 ቮልት 1650 ገደማ፣ በ180 ቮልት 1340 ገደማ ይሆናል። «ምድጃው ደከመ፣ የሚግለው ሽቦ ይቀየርልኝ» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ብዙው ምድጃው ምንም አልሆነም። ከ180 በታች የሚወርድ ቤት ግን ዋናው ምድጃ ጋዝ ይሁን፤ ኤሌክትሪኩ ረዳት ነው።

ስታብላይዘር (ቮልቱን የሚያስተካክል ዕቃ) ልግዛ ወይ ለሚለው፣ ለ2000 ዋት ኢንዳክሽን ቢያንስ 3000 ቪኤ ያስፈልጋል፤ ሰማይ ጠቀስ ዋጋው ደግሞ ምድጃውን ይበልጣል። እኔ የምመርጠው የቮልቴጅ መከላከያውን ነው። ዝቅተኛውን 180፣ ከፍተኛውን 250 ላይ፣ መብራት ሲመለስ የሚቆይበትን 3 ደቂቃ ላይ አስሞይው። ቮልቱን አያስተካክልም፤ ሲበላሽ ግን ይቆርጣል። የሰፈር መስመር ኑትራል (መመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ አንዳንድ ቤት ከ300 ቮልት በላይ ሊገባ ይችላል፤ የኢንዳክሽን ቦርድ ያን አይችልም።

አሁን ሸክሙን እንደምር። ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ነው፤ 16 እስከ 18 አምፒር። ግራናይት ውስጥ ተቀብሮ የሚገጠመው ባለ አራት ፕሌት ሁሉም ሲበራ 7000 ዋት ይደርሳል፤ ይሄ ብቻውን 32 አምፒር። ሁለቱ ሲደመሩ 50 ነው። ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪ ላይ ይህን ማሰብ ይቅር፤ የግድ ካልሽ መጀመሪያ ሦስት ፌዝ ማስገባት ነው። በዲቫይደር የሚሰካ ምድጃ ደግሞ ከዚህ ምክር ውጭ ነው። ማንኛውም ምድጃ ከብሬከሩ ቀጥታ የመጣ የራሱ መስመር ይኑረው፤ እስከ 16 አምፒር በ2.5 ሽቦ፣ እስከ 25 በ4፣ እስከ 32 በ6። የሽቦው የመሸከም ዓቅም የተጻፈው ለ30 ዲግሪ ሙቀት ነው። የድሬ ግድግዳ በግንቦት ከዚያ ይበልጥ ስለሚግል ጠርዝ ላይ አትጫወቺ። ኧርዝ (የመሬት መስመር) መኖሩንም አስለኪ፤ የሶኬቱ ሦስተኛ ቀዳዳ መኖር ብቻ ኧርዝ አለ ማለት አይደለም።

ወደ ድስቱ። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ድስቱን ራሱን ነው፣ ያውም ማግኔት የሚይዘውን ብቻ። ከፍሪጅ ላይ ማግኔት ነቅለሽ ድስትሽን ገልብጠሽ መሃሉ ላይ ለጥፊው። ቆንጥጦ ከያዘ ይሠራል፤ ካንሸራተተ አይሠራም። አሉሚኒየም አይሠራም፣ ሸክላ ድስት አይሠራም፣ ጀበና አይሠራም፤ ከስቲል ድስቶችም የማይሠሩ አሉ። «በመሃል የብረት ሳህን አድርጊበት» የሚሉሽን አትስሚ። ሳህኑ ይግላል፣ ግለቱ ወደ ታች መስታወቱንና ቦርዱን ይጠብሳል፣ የኢንዳክሽን ቁጠባውም ይጠፋል። ስለዚህ የኢንዳክሽን ዋጋ ስትጠይቂ የሁለት ወይም የሦስት ወፍራም ድስት ዋጋ ጨምሪበት።

ባለ መስታወቱ፣ ማለትም ኢንፍራሬዱ፣ ድስት አይመርጥም፤ ውጭው ከኢንዳክሽን ጋር መንታ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ አንዱን ለሌላው ይሸጡልሻል። መለያው ቀላል ነው፤ ድስት ሳይጣድበት አስበሪው። ኢንዳክሽን ከሆነ ጮኾ እምቢ ይላል፤ ኢንፍራሬድ ከሆነ ፍም ይመስል ይቀላል። ለአንቺ ግን ኢንፍራሬዱን አልመክርም። አሉሚኒየም መስታወቱ ላይ ብርማ ጭረት ይተዋል፣ ታቹ የጎበጠ ድስት ግማሹ ብቻ ይሞቃል፣ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለሚያቃጥል ልጅ ላለበት ቤት አይመችም። የፈሰሰ ሻይ በስኳሩ ከደረቀበት መስታወቱን እስከመቦርቦር ይደርሳል። የድሬ ውኃ የሚተወው ነጭ ቅርፊት ግን አያስጨንቅሽ፤ ምድጃው ሲቀዘቅዝ በአቼቶ ይለቃል።

ወጥ ለሚሠራ ቤት ማንም የማይናገረው አንድ ነገር አለ። ርካሹ ተንቀሳቃሽ ኢንዳክሽን ከ1000 ዋት በታች ሲደረግ እሳቱን አይቀንስም፤ ማብራትና ማጥፋት ይጀምራል። 400 ላይ አድርገሽዋል እንበል፤ ጥቂት ሴኮንድ በሙሉ ጉልበት ያነዳል፣ ከዚያ ዝም። ስስ ድስት ላይ ቁሌት ከሆነ ሽንኩርቱ በማንደጃው ሴኮንድ ያርራል፣ በዝምታው ይበርዳል። ሱቅ ውስጥ ትንሽ ውኃ ጥደሽ ዝቅተኛው ላይ አድርገሽ እዪ፤ መንተክተኩ እየቆመ ከተነሳ ያው ነው። ታቹ ወፍራም ድስት ይህን ያለዝበዋል። ቁሌት በሁለት እጅ የሚማሰል ከሆነም ድስቱ በመስታወት ላይ ይንሸራተታል፤ የጋዝ ማስቀመጫ ብረት ግን ይይዘዋል።

ሌላው ሙቀቱ ነው። ኢንዳክሽን ከታቹ አየር እየሳበ ቦርዱን የሚያቀዘቅዝ ፋን አለው። ኩሽናው 35 ዲግሪ ሲሆን የሚስበውም 35 ነው። ከምጣዱ አጠገብ ወይም ከጋዙ ነበልባል ጎን አታስቀምጪው፤ ከግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር አርቂው፣ ከስሩ ላስቲክ ወይም ጨርቅ አታንጥፊ። አቧራና የዘይት ቅባት የፋኑን መሳቢያ ስለሚደፍነው በወር አንዴ ነቅለሽ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው። መሃል ላይ እየጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ እየተነሳ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

ጋዝ ላይ ደግሞ ትልቁ ጠላትሽ የጣሪያው ፋን ነው። ዝቅ ያለ ነበልባል ሳታዪው ይጠፋል፣ ጋዙ ይፈስሳል። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ በየበርነሩ የነበልባል መከላከያ፣ ማለትም ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋ ዕቃ፣ የሌለውን ምድጃ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ። መኖሩን ለማየት ከነበልባሉ አጠገብ ሁለት ዘንግ ፈልጊ፤ አንዱ መለኮሻ፣ አንዱ ሙቀት የሚያውቀው ነው። ሲሠራ ለማረጋገጥ ለኩሰሽ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ እፍ ብለሽ አጥፊው፤ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ጠቅ ብሎ ጋዙ መዘጋት አለበት። ሲለኮስ እጀታውን ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ተጭኖ መቆየት የዚሁ ሥርዓት ነው። እጅሽን ስታነሺ የሚጠፋ ከሆነ የዘንጉን ጫፍ ጥረጊ፤ ቅባት ጋርዶት ነው።

ሁለተኛው ጋዝ ላይ የሚታየው ነገር አፍንጫው ነው፤ ጋዙ የሚወጣባት ትንሿ ነሐስ። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ የሚመጣ ምድጃ አንዳንዱ ለቧንቧ ጋዝ ተብሎ የተሠራ ነው። አፍንጫው ላይ የተቀረጸው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራው በተለመደው ከትንሽ ወደ ትልቅ በርነር 50፣ 65፣ 85 አካባቢ ነው። 72፣ 97፣ 115 ካገኘሽ የቧንቧ ጋዝ ነው። እሱን በሲሊንደር ካነደድሽው ረጅም ቢጫ ነበልባል ይወጣና ድስቱን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ጥሩ ሻጭ መቀየሪያዎቹን በከረጢት አብሮ ይሰጥሻል፤ ከሌለ ሌላ ምድጃ ምረጪ። አፍንጫ በመርፌ የሚያሰፋ ወይም በቆርቆሮ የሚያጠብ ሰው ወደ ቤትሽ አታስገቢ።

ሬጉሌተሩ፣ ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠመው የግፊት መቀነሻ፣ 28 ወይም 30 ሚሊባር የሚል ይሁን። ጎማው ከ1.5 ሜትር አይርዘም፣ ከምድጃው ጀርባ አይለፍ፣ በሁለቱም ጫፍ ፋሼታ ይታሰርበት፤ የታተመበት ቀን ካለፈ ወይም ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ይቀየር። ሲሊንደሩ ቢቻል ውጭ፣ ቀጥ ብሎ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቁም። ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ ሳጥኑ ከታቹ ቀዳዳ ይኑረው። በተቀየረ ቁጥር የሳሙና አረፋ ቀቢበት እንጂ ክብሪት አታቅርቢበት።

ወጪው? 1 ኪሎ ጋዝ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለው፤ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ግን ግማሹ አካባቢ ነው፤ ቀሪው ኩሽናውን ነው የሚያሞቀው፣ ድሬ ላይ ይህም ራሱን የቻለ ዋጋ ነው። ያንኑ ምግብ ኢንዳክሽን በ7 ኪሎዋት ሰዓት፣ ተራው ፕሌት በ8.5 ገደማ ያበስላል። የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ለ7 ሲካፈል ከምትከፍይው የመብራት ታሪፍ ከበለጠ ኢንዳክሽኑ ይረክሳል። ታሪፉ በእርከን ስለሚጨምር በሒሳብሽ ላይ የደረስሽበትን ከፍተኛውን እርከን ያዢ።

የእኔ ምርጫ ለአንቺ ቤት ሁለቱን ነው። ባለ ሁለት በርነር ጋዝ፣ መከላከያ ያለው፣ ለቁሌት፣ ለጀበና፣ ላሉሽ የአሉሚኒየም ድስቶችና መብራት ለጠፋበት ቀን። ከእሱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ በራሱ የ16 አምፒር መስመር፣ ባለ አንድ ራስ 2000 ዋት ኢንዳክሽን፤ ለሩዝ፣ ለፓስታ፣ ለሻይ፣ ለፈላ ውኃ ሁሉ፣ ኩሽናውን ሳያግል። የተቀበረውን ባለ አራት ተዪው፤ አንዱ ሲበላሽ አራቱም ይወጣሉ። ኩሽናውን የሚያድሰው ሰው ግራናይቱን ሳይቀድ ይጠብቅ። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች የመጣ ዕቃ ከሆነ ጀርባው ላይ 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ወይም 50/60 መባሉን አንብቢ፤ 127 የሚል ካየሽ አትሰኪው። ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግሩን ሶኬት ውስጥ በግድ ከመሰካት ራሱን ሶኬቱን ማስቀየር ነው።

ሐረር ያለች እህት ብትኖርሽና ይህንኑ ምድጃ ገዝታ «ባቄላው አልበሰለም» ብትል ምድጃውን አታውግዢ። ውኃ ድሬ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ፣ ሐረር ከፍታዋ 1,885 ሜትር ስለሆነ በ94 ገደማ ይፈላል። እሷ የምትገዛው ሁለተኛው ዕቃ ፕሬሸር ኩከር ነው።